ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሽቦ

አንድ አናጺ ነበረ። ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተር ነበረው። ኮምፒውተሩ የእሱ አይደለም፤ የሴት ልጁ ነው። የእሱ ጣት ከመጋዝና ከመዶሻ ሌላ አያውቅም። ልጁ ግን እግሯ አይታዘዝላትም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትንቀሳቀሰው። ሰፈሩ ደግሞ ቁልቁለትና ጭቃ ነው። ኮሌጅ ተመላልሳ መማር ስላልቻለች ቤቷ ተቀምጣ በኢንተርኔት የአስተማሪነት ትምህርት ትማር ነበር።

አጥናፉ፣ ጥያቄህን አልረሳሁም። «ፍልሰታ ሳይወጣ መቁረብ እፈልጋለሁ፤ ከወንድሜ ጋር ግን ተኳርፈናል። የበደለኝ እሱ ነው። የበደለኝ እሱ ሆኖ ሳለ ለምን እኔ ልቅደም?» ነው ያልከኝ። እኔ ቄስ አይደለሁም፤ መጽሐፍ ገልጬ፣ ምዕራፍ ጠቅሼ አልመልስልህም። ትምህርቴን ታውቀዋለህ። እግዚአብሔር ያስታወቀኝን ያህል በዚህ ሰውዬ አድርጌ ልንገርህ። ታገሠኝ።

የልጅቱ የመጨረሻ ፈተና የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው። ጠዋት ይከፈታል፤ ቀትር ላይ ይዘጋል። ያመለጠው ሰው ዓመት ይጠብቃል። እሷ ደግሞ ዓመት የምትጠብቅበት ሁኔታ ላይ አልነበረችም። አንድ ትምህርት ቤት «ፈተናውን ካለፍሽ መስከረም ላይ እንቀጥርሻለን» ብሏታል። በዕድሜዋ «ነይ ሥሪ» ያላት ሰው ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

በሞባይል አትፈተንም ወይ ትለኝ ይሆናል። ሰፈሩ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ የሞባይል ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል። ፈተናው ደግሞ መሐል ላይ ከተቋረጠ መልሶ አይከፍትም። የሚያስተማምናቸው በሽቦ ስልኩ መስመር የሚመጣው ኢንተርኔት ብቻ ነበር። ያ ሽቦ መንገድ ዳር ካለው ምሰሶ ተነሥቶ፣ በጎረቤት ግቢ አልፎ፣ አጥር ተሻግሮ ነው አናጺው ቤት የሚገባው።

ጎረቤቱ ጡረታ የወጣ ሻምበል ነው። አናጺውና ሻምበሉ አይነጋገሩም። ጠቡ የጣሪያ ውሃ ነው። ሻምበሉ «የጣሪያህ ውሃ ጓሮዬን አጠበው» ይላል። አናጺው «ያዘነበው ሰማይ ነው፣ እኔ አልደፋሁት» ይላል። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። መንገድ ላይ ሲተላለፉ አንዱ ሰማይ ያያል፣ ሌላው ጫማውን ያያል።

ፈተናው ነገ ቅዳሜ ሊሆን፣ ዓርብ ዕለት የጽዋ ማኅበር ተራ አናጺው ቤት ደረሰ። ለማኅበር ቤት እንዴት እንደሚጸዳ ታውቃለህ። ሚስቱ ከጠዋት ጀምራ ቡፌውን አስነሥታ ጀርባውን ሳይቀር ጠረገች። ሽቦውን ሁሉ ነቅላ አቧራውን አራገፈች፤ መልሳ ሰካች። ሞደም የሚሉት፣ ኢንተርኔቱን ከስልክ ሽቦ ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያቀብል ትንሽ ሣጥን አለ። እሱንም፣ ስልኩንም፣ ቴሌቪዥኑንም አጥባ በተኮሰችው ዳንቴል አለበሰቻቸው። በዚያ ቤት እንግዳ እየመጣ ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ የለም።

ጸሎቱ ደርሶ፣ ጽዋው ዞሮ ጨዋታ ሲጀመር ልጅቱ ለነገ ልሞክረው ብላ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ኢንተርኔት የለም። ዘግታ ከፈተችው። የለም። ወደ ስልክ መሥሪያ ቤቱ በሞባይል ደወሉ። «ሠራተኛ የሚወጣው ሰኞ ነው» ተባሉ።

«ቫይረስ ነው» አሉ አንድ የማኅበሩ ሰው። «የእህቴ ልጅ ኮምፒውተርም እንዲሁ እንዲሁ ሲል ነው የሞተው።»

«ምን ቫይረስ፤ ሰው በዝቶበት ነው፣ ዓይን ነው» አሉ ሌላዋ። «ጠብታ ጸበል አድርጉበት።»

«እማማ፣ ጸበሉን ለእኔ ይስጡኝ። እሱ ውሃ አይወድም» አለች ልጅቱ።

ሌላው ደግሞ እጁን በዳንቴሉ ሥር ሰድዶ፣ ከሞደሙ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በጥርስ መጎርጎሪያ ሊወጋ ሲል ደርሳ ያዘችው። ያቺ ቀዳዳ ከተወጋች ሞደሙ የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳል። «ለመርዳት እኮ ነው» አለ ሰውዬው፣ ተቀይሞ።

በዚህ መሐል ሚስትየው ከጓዳ ብቅ አለች። «ምን ትደክማላችሁ? ሽቦው በማን ግቢ ነው የሚያልፈው? ቆርጦት ነዋ።»

ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ዐዋቂ ሆነ። አንዱ ሻምበሉን በዚህ ሳምንት አጥሩ ጥግ ቆሞ ሲጎረጉር አይቶታል። አንዱን ድሮም የዚያ ሰው ዓይን አያምረውም ነበር። «አንተም አበዛኸው፤ ዝም ማለትህ ነው እዚህ ያደረሰህ» አለው ሌላው። ቀድሞ ዝም ያሉትም ሁሉ አሁን ነገሩ ጣማቸው።

አናጺው ብድግ አለ። መዶሻውን ለምን እንዳነሣ አያውቅም፤ ብቻ መዶሻው እጁ ላይ ነው። በሩ ጋ ሲደርስ ልጁ ጠራችው።

«አባዬ።»

«ምንድን ነው?»

«በር አልገጥም ብሎ ሰው ሲጠራህ መጀመሪያ ምን ታያለህ?»

«አሁን የበር ወሬ ነው?»

«ንገረኝ እስቲ። ሄደህ በሩን ትልገዋለህ?»

«ዝም ብሎ የሚልግማ ለማጅ ነው። መጀመሪያ ማጠፊያው ይታያል። ከዚያ ጉበኑ። አንድ አንድ እያሉ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ሻምበል ስንተኛ ናቸው?»

አናጺው መዶሻውን አስቀመጠ። ግድግዳው ላይ ወዳለው ሥዕል ዞሮ አማተበ። ረጅም አልጸለየም። «ጌታዬ ሆይ፣ መስመሩን ቀጥልልኝ» አላለም፤ «ተራውን አስይዘኝ» ነው ያለው። ከዚያ ነጠላውን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ በእንግዶቹ ፊት በጉልበቱ ተንበርክኮ ጠረጴዛው ሥር ገባ። የሳቁ ነበሩ። ይሳቁ።

«እኔ መውረድ አልችልም፤ አንተ ማንበቡ አይሆንልህም» አለችው ልጁ። «የምታየውን ንገረኝ፣ እኔ ምን እንደሆነ እነግርሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምንነካው። ካልሆነ ወደ ቦታው እንመልሰዋለን፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው።»

ከራሷ ጀመረች። ኮምፒውተሩን አየች፤ ኮምፒውተሩ ሞደሙን አግኝቶታል። ከእሷ እስከ ሞደሙ ያለው መንገድ ደህና ነው። «እንግዲህ ኮምፒውተሩን አንነካውም» አለች። ቫይረስ ነው ያሉት ሰውዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዳንቴሉን አንሣው አባዬ። መብራቶቹን ተናገር።»

«አንደኛው በርቷል። ቀጥሎ ያለው ጠፍቷል። ሌሎቹ አረንጓዴ ናቸው፤ አንዱ ይርገበገባል።»

«የጠፋው ከስልክ ሽቦ የሚቀበልበት ነው።»

ያ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። ቤት ሙሉ ሰው ተቀምጦ ማንም አላየውም፤ ለብሷላ።

አናጺው ከሞደሙ የሚወጣውን ገመድ በእጁ እየዳሰሰ ተከተለ። ገመዱ ቡፌው ጀርባ ገባ። አንድ ማኅበርተኛ አግዞት ቡፌውን ገፉት። እዚያ ከግድግዳው የሚመጣውን መስመር ለስልክና ለሞደም የምታካፍል፣ ሁለት አፍ ያላት ነጭ ቁራጭ አለች።

«የሞደሙ ገመድ የትኛው አፍ ውስጥ ነው ያለው?»

«ስልክ የተሳለበት ውስጥ።»

«ስልኩስ?»

«በሌላው።»

ልጅቱ እናቷን አየች። እናትየው መቀነቷን ታጠብቅ ጀመር። «እኔ ምን ላድርግ፣ ሁለቱም ቀዳዳ አንድ ነው የሚመስለው» አለች። አናጺው አንድም ቃል አልተናገራትም። መዶሻ ይዞ ሰው ቤት ሊሄድ የነበረ ሰው ምን አፍ አለው?

ገመዶቹን አቀያየራቸው። መብራቱ ተርገበገበ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ በራ። ኢንተርኔቱ መጣ። ማኅበርተኛው «ተመስገን» አለ። ጥርስ መጎርጎሪያ የያዘው ሰውዬም «እኔም እዚያው አካባቢ ነበርኩ» አለ፤ ሳቁለት።

ወዲያው ዝናብ ጀመረ። ከዝናቡ ጋር ያ የሞደሙ መብራት መልሶ ጠፋ።

«አላልኩም?» አለች ሚስትየው።

«ገና ነው» አለ አናጺው። የሽቦ ስልኩን አንሥቶ ጆሮው ላይ አደረገው። ውስጡ ምጣድ ላይ እንደሚያገላብጡት ቆሎ ይንጣጣል። ለልጁ አስጠጋላት። «መስመሩ ታሟል» አለች። ያቺን ነጭ ቁራጭ አወለቁና ሞደሙን ብቻውን ከግድግዳው ጋር አገናኙት። አልሆነም። ገመዱን በሌላ ገመድ ቀየሩት። አልሆነም። ቤት ውስጥ ያልታየ ነገር አልቀረም።

እንግዶቹ ዝናቡ ሳይበረታ እያሉ ተሰነባበቱ። አንዱ ሲወጣ «እንግዲህ ለዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ ይሆናል፣ ምን ታደርገዋለህ» አለው። አናጺው «ዘንድሮ ገና አላለቀም» አለው። ጆንያ ደርቦ ወጣ። ሽቦውን ከግድግዳው ጀምሮ እስከ ጣሪያው ክፈፍ፣ ከጣሪያው ክፈፍ እስከ አጥሩ በዓይኑ ተከተለው፤ እጁ በደረሰበት ሁሉ ዳሰሰው። ደህና ነው። አጥሩ ላይ ሲደርስ ሽቦው ተሻግሮ ወዲያ ገባ። ከዚያ በኋላ ያለው ከእሱ በኩል አይታይም።

አሁን የሻምበሉ ተራ ነው። ፒንሳና ጥቁር ናስትሮ ኪሱ ከተተና ዞሮ የሻምበሉን በር አንኳኳ። ዝም። ደግሞ አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ ሻምበል። ጎረቤትዎ ነኝ።»

በሩ ግማሽ ተከፈተ። «ዛሬ ደግሞ ሰማዩ ምን አደረገህ?» አለ ሻምበሉ። «ደግሞ ጆሮዬ አልደነቆረም። ‹ቆርጦት ነው› ስትባባሉ እዚህ ድረስ ይሰማል። ከነማኅበርህ ትመጣለህ ብዬ ጫማዬን አድርጌ ነው የቆየሁት።»

አናጺው ዝናቡ እየወረደበት ቆመ። «ልመጣ ነበር» አለ። «ቆረጡት ብዬ ልመጣ ነበር። ልጄ መለሰችኝና ቤቴን መጀመሪያ አየሁ። ተሳስቶ የተሰካ ገመድ ተገኘ፤ እሱ የእኛው ነው፣ አስተካከልነው። የተረፈው ከአጥሩ ወዲህ ነው፤ ማን እንዳደረገው አላውቅም። ልጄ ነገ ፈተና አላት። አብረው ያዩልኝ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«እንዲያውም መቀሱን ፈልጌ አጣሁት እንጂ ልቆርጠው ነበር» አለ ሻምበሉ። ከዚያ በሩን ሙሉ ለሙሉ ከፈተው። «ግባ፣ ቆመህ አትበስብስ።»

አጥሩ ጥግ ሄዱ። ሻምበሉ አጥሩ ላይ ቅል ተክሏል። የቅሉ ሐረግ ወጥቶ ወጥቶ የስልኩን ሽቦ ይዞታል፤ ፍሬውም እዚያው ላይ ተንጠልጥሏል። ሽቦው ድሮ የተቀጠለበት ቦታ ላይ በክብደቱ ተስቦ ላልቷል። አናጺው አየና «ይኸው» ሊል አፉን ከፈተ።

በዚያው ቅጽበት አንገቱ ላይ ውሃ ወረደበት። ቀና አለ። የራሱ ቤት አሸንዳ ነው። አፉ አጥሩን አልፎ ወጥቶ፣ ውሃውን በቀጥታ የተቀጠለው ሽቦ ላይ ያፈሰዋል፤ ከሽቦው ወደ ታች፣ ከታች ወደ ሻምበሉ ጓሮ። ጓሮው ውስጥ ጎመን ተተክሎ ነበር። ጎመኑ ከነሥሩ ወጥቶ ጭቃው ላይ ተኝቷል። ያንን አሸንዳ ራሱ ነው የሰቀለው፤ ከወዲያ በኩል ሆኖ ሲሰቅለው ቀጥ ያለ፣ ያማረ ሥራ ነበር።

«ይኼ ነው ስልህ የኖርኩት» አለ ሻምበሉ፣ ድምፁን ሳይጨምር።

«ከእኔ በኩል አይታይም ነበር» አለ አናጺው።

«እኔም ቅሉ ሽቦው ላይ መውጣቱን ከዛሬ በፊት ቀና ብዬ አላየሁትም።»

ሐረጉ ባይስበው ሽቦው አይላላም ነበር። ውሃው ባይወርድበት የላላው አይዝግም ነበር። ሻምበሉ መሰላል አመጣ። ቅሉን በገዛ እጁ ቆረጠው። አናጺው «ገና ለጋ ነው እኮ» ሲለው «ልጅቷ ከምትቀር እሱ ይቅር» አለ። አናጺው መሰላሉ ላይ ወጣ፤ የዛገውን ቆርጦ ጣለ፣ ጤነኛውን መዳብ አውጥቶ አጣመረው፣ በናስትሮ አጥብቆ ጠቀለለው። ሻምበሉ መሰላሉን ይዞ ከታች «በደንብ፣ በደንብ አጥብቀው፤ ነገ ደግሞ ቆረጠው እንዳልባል» ይለዋል።

ሽቦውን ጨርሶ አልወረደም። «መዶሻ ካለዎት ያቀብሉኝ» አለ። የአሸንዳውን መያዣ ነቃቅሎ አፉን ወደ ገዛ ግቢው አዞረውና ዝናብ ላይ እንዳለ መታው። ውሃው ያን ጊዜውኑ ሚስቱ ልብስ የምታጥብበት ቦታ ላይ መፍሰስ ጀመረ። ለእሱ ደግሞ ሌላ ቀን ቦይ ይቆፍርለታል።

ከቤት ውስጥ የልጅቱ ድምፅ መጣ። «አባዬ፣ ይዟል። እስካሁን አልጠፋም።»

በማግስቱ ጠዋት እየዘነበ ተፈተነች። መስመሩ አልተቋረጠም። ቀትር ሳይሆን ጨርሳ ላከችው።

አጥናፉ፣ እንግዲህ ያ አናጺ አንተ ነህ። ሻምበሉ ወንድምህ ነው። ሽቦው ከአንድ እናት ማኅፀን መውጣታችሁ ነው፤ በእሱ በኩልም በአንተም በኩል ያልፋል። «የበደለኝ እሱ ነው» አልክ። ይሆናል፤ አላስተባብልህም። ቅሉን የተከለው እሱ ሊሆን ይችላል። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ በአንተ ቤት የተሸፈነውን ገልጠህ አይተሃል ወይ? አላየህም። ገና ወሬ የሚያቀብሉህ ሰዎች ከበውህ ተቀምጠሃል። እነሱ ተሰናብተውህ ይሄዳሉ፤ ወንድምህ ግን ወንድምህ እንደሆነ ይኖራል።

ዛሬ ማታ ጸሎትህን ስታደርስ «እሱን መልስልኝ» አትበል። «ተራውን አስይዘኝ» በል። ያስቀየምክበት ቃል ካለ አግኘው። ከጊዜው ያሳለፍከው ጥየቃ ካለ፣ በሰው ፊት ያዋረድከው እንደሆነ፣ አንድ አንድ እያልክ እየው። ካገኘህ ያንን አስተካክል። ምንም ካላገኘህም ደግ፤ ግን ፈልገህ ሂድ እንጂ ሳትፈልግ አትሂድ። ከዚያ በኋላ በሩ ላይ ስትቆም እንደ ከሳሽ አትቆምም፣ እንደ ለማኝም አትቆምም። «በእኔ በኩል ያለውን አይቻለሁ፤ የቀረውን አብረን እንይ» ብሎ በመጣ ሰው ላይ በሩን የሚዘጋ ጥቂት ነው።

ለምን ልቅደም ላልከው፣ ጥፋተኛ ስለሆንክ አይደለም። ታናሽ ስለሆንክም አይደለም። ከእሱ ግቢ ሆኖ ብቻ የሚታይ ነገር ስላለ ነው። ያንን እኔ ልነግርህ አልችልም፤ ቄሱም አይነግሩህም። የሄደ ነው የሚያየው።

ባይከፍትልኝስ ልትለኝ ነው፤ ከፊትህ ላይ አነበብኩት። ዛሬ ባይከፍት ነገ ትሄዳለህ። ነገ ባይከፍት ከነገ ወዲያ። ፍልሰታ እስኪወጣ ገና ነው፤ ጾሙም ኃይል የሚሰጠን ለዚህ ነው። ብቻዬን እግሬ አይራመድም ካልከኝ እኔ እስከ ደጁ ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ። ማንኳኳቱ ግን ያንተ ነው።